ከብቸናና ከሞጣ የተደወሉ ሁለት ስልኮች

በዚህ ወር ስለ ኮምፒውተር አንጎል፣ ስለ ፕሮሰሰር እንጨዋወታለን። ርዕሱን የመረጡልኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ የደወሉልኝ ሁለት ዘመዶቼ ናቸው። አንዱ ስልክ ከብቸና፣ ሌላው ከሞጣ ነበር። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ “ኮምፒውተሩ አዘገየን። ፕሮሰሰሩን እንቀይረው ወይስ እናጣድፈው?” የሰጠኋቸው መልስ ግን ለየቅል ሆነ። ቤታችሁ ውስጥ “አዲስ ፕሮሰሰር ይገዛልኝ” የሚል ልጅ፣ ወይም “ይኼ ኮምፒውተር አረጀ” የሚል የትዳር ጓደኛ ካለ፣ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የሁለቱን ቤት ታሪክ ስሙልኝ።

የብቸናው ስልክ

ታላቅ እህቴ ብቸና ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ተማሪው ማመልከቻውን፣ ገበሬው ለወረዳ የሚያስገባውን አቤቱታ፣ ሥራ ፈላጊው የሕይወት ታሪኩን የሚያስጽፈው እሷ ዘንድ ነው። መተዳደሪያዋ የሆነው ኮምፒውተር አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የቢሮ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በርካሽ የተሸጠላት ነው። ሦስተኛው ትውልድ ኮር አይ 3-3220 የሚባል ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም አለው።

“አንተ፣ የእህትህ ልጅ ሊያሳብደኝ ነው” አለችኝ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ። “እቁቤ ደርሶኛል። ‘ኮር አይ 7 ካልገዛሽ’ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ደግሞ ኦቨርክሎክ የሚሉት ነገር አለ ይለኛል፤ ምንድን ነው እሱ? ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርቼ ቡና አፍልቼ እስክጠጣ አይነሣም። ሰው ቆሞ ይጠብቅና ‘በቃ ተዪው’ ብሎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።”

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ስልኩን ተቀበላት። “አጎቴ፣ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል። ኮር አይ 7 ገዝተን ኦቨርክሎክ ብናደርገው እንደ አዲስ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።”

ኦቨርክሎክ ምን እንደሆነ ለእህቴ እንደነገርኳት ልንገራችሁ። ፕሮሰሰር የሚሠራው ምት እየጠበቀ ነው። 3.3 ጊጋኸርትዝ የተጻፈበት ፕሮሰሰር በሴኮንድ 3.3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ፋብሪካው ይህን ምት የሚወስነው ሙቀት ቢጨምር፣ ኤሌክትሪክ ቢዋዥቅ፣ ዕድሜ ቢገፋም እንዳይሳሳት የተወሰነ መጠባበቂያ ትቶ ነው። ኦቨርክሎክ ማለት ያንን መጠባበቂያ ወስዶ ምቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማጣደፍ ነው።

ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ “ፕሮሰሰሩ ጥፋተኛ መሆኑን በምን አወቅህ?” ዝም አለ።

እናንተም ይህን ፈተና ዛሬውኑ በቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ አንድ ብር አያስወጣም። ኮምፒውተሩ ሲዘገይባችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢኤስሲ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ እና ዲስክ በሚሉት ቃላት አናት ላይ ያለውን መቶኛ ተመልከቱ። መቶ ላይ ተጣብቆ የቀረው ነው ሥራውን የያዘባችሁ።

ልጁ በስልክ አነበበልኝ፦ ሲፒዩ 18፣ ሜሞሪ 91፣ ዲስክ 100።

“አሁን አንተው ንገረኝ” አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ “ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል” አለ።

ልክ ነው። ድግስ ቤት አስቡ። ወጥ ሠሪዋ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ሽንኩርትና በርበሬ የሚያመጣላት ልጅ ግን ከገበያ አልተመለሰም። ሌላ ባለሙያ ብትቀጥሩ እሷም አጠገቧ ተቀምጣ ከመጠበቅ በቀር ምን ትሠራለች? በእህቴ ኮምፒውተር ውስጥ ያ የዘገየው ልጅ አሮጌው ሀርድ ዲስክ ነው። ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ሳህን ላይ መርፌ መሰል ክንዱን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ያነባል። የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሴኮንድ መቶ ገደማ ጊዜ ብቻ ነው የሚደርሰው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ያንኑ ሥራ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሠራዋል። ራሙም በማነሱ የሞላው ነገር ሁሉ ወደዚያው ዘገምተኛ ዲስክ ይፈስሳል።

ኮር አይ 7 ቢገዛስ ኖሮ? አንደኛ፣ የእህቴ ኮምፒውተር የሚቀበለው ትልቁ ፕሮሰሰር ኮር አይ 7-3770 ነው፤ ዲስኩ ካልተቀየረ ግን እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ እንደ ልብ ማጣደፍ የሚፈቅዱት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በስማቸው መጨረሻ “ኬ” የሚል ፊደል ያላቸው ናቸው፤ ያም ቢሆን ማጣደፍን በሚፈቅድ ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ነው። እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ አምራቾች ለቢሮ የሠሯቸው ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ይህን አይፈቅዱም። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ሦስተኛው ትውልድ ኮር አይ 7 ቢገዛም ሦስተኛው ትውልድ ነው። የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ቤት የደኅንነት ማሻሻያ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከእቁቡ ብር አንድ ኤስኤስዲና ተጨማሪ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ተገዛ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ቢሆንም ሁለቱ ዕቃዎች ልጁ ከጠየቀው ገንዘብ ሲሶውን እንኳ አልፈጁም። ወደ ብቸና በሚሄድ ሰው ላክሁላቸው። ልጁ ክዳኑን ሲከፍት ሌላም ነገር አገኘ። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአቧራ ታፍኗል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብቸና የጤፍ አገር ናት፤ በመኸር ወቅት ገለባውና ብናኙ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አጸዳው፣ ቅባቱንም ለወጠው።

የቀረውን ብር እህቴ አስቀመጠችው። ጊዜው ሲደርስ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ኮምፒውተር ትገዛበታለች፤ ኤስኤስዲውም ተነቅሎ ወደዚያ ይዛወራል። በማግስቱ ደውላ “ጀበናው ሳይጣድ ተነሣ እኮ!” አለችኝ።

የሞጣው ስልክ

ሁለተኛው ስልክ የተደወለው በእኩለ ሌሊት ነው። የአጎቴ ልጅ ሞጣ ከተማ ፎቶ ቤት አለው፤ በሠርግ ወቅት ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል።

“ጋሼ፣ ተኝተህ ነው?” አለኝ። ድምፁ የደህና አልነበረም።

የእሱ ኮምፒውተር ችግር ከእህቴ የተለየ ነው። ቪዲዮ አቀናብሮ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲለውጥ ሲፒዩው መቶ ላይ ሆኖ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው፤ ራሙም በቂ ነው። እዚህ ቤት የደከመችው ራሷ ወጥ ሠሪዋ ናት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 3 2200ጂ ነው፤ አራት ኮር ብቻ አለው፤ እያንዳንዱም ኮር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይይዛል።

በጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብበት ማጣደፍን መረጠ። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ለማጣደፍ ክፍት ናቸውና አልተቸገረም። ከ3.7 ወደ 3.9 ጊጋኸርትዝ ከፍ አደረገው። ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋበት ቮልቴጁንም ከ1.25 ወደ 1.4 ቮልት አወጣው። የራሙንም ፍጥነት አብሮ ጨመረ። አሥር ደቂቃ ሞክሮ ምንም ስላልሆነ “ተሳካ” ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ሌሊት የአንድ ሠርግ ቅጂ ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ፣ ለማግስቱ ሠርግ ካርዱን አጠፋው። ከዚያ ፋይሉን ሲከፍተው ከመካከሉ ተበላሽቷል። የተበላሸው ክፍል የሙሽራው አያት ልጆቹን የመረቁበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ብዙ ሰው ማጣደፍ የሚያመጣው ጉዳት ፕሮሰሰር ማቃጠል ብቻ ይመስለዋል። ዘመናዊ ፕሮሰሰር እጅግ ሲሞቅ ራሱ ይዘገያል፤ ባስ ሲል ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሙቀት የሚቃጠለው ጥቂት ነው። ከዚያ የከፋው የማይታየው ስሕተት ነው። ያለ ልኩ የተጣደፈ ፕሮሰሰር ወይም ራም ከብዙ ቢሊዮን ምቶች በአንዱ ይሳሳታል። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፣ ማስጠንቀቂያም አልመጣም። አንዲት ቁጥር ብቻ ተለውጣ ትጻፋለች። ጨዋታ ላይ ከሆነ አይታወቅም። የሰው ሠርግ ላይ ከሆነ ግን፣ ሠርግ ተመልሶ አይደገስም።

“ምን ልበላቸው?” አለኝ።

“እውነቱን” አልኩት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ሄዶ ነገራቸው። የሙሽራው አባት ተቆጡ፤ ቢቆጡም እውነት አላቸው። ከክፍያው ከፊሉን መለሰላቸው። አያትየው ግን “እኔ እንደሁ አልሞትኩ፤ ና እንደገና ልመርቃቸው” አሉት። ካሜራውን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ምርቃቱን እንደገና ቀረጸ። የሠርጉ ቀን እልልታ በዚያ ቅጂ ላይ የለም። የእሳቸው ድምፅ ግን አለ።

ሒሳቡን እንሥራው

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይላል ያገራችን ሰው። የአጎቴ ልጅ ስንት ለማትረፍ ስንት እንዳፈሰሰ በቁጥር እንየው።

ከ3.7 ወደ 3.9 ጊጋኸርትዝ የተጨመረው አምስት በመቶ ገደማ ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ በዚህ ቢያጥር የሚተርፈው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው።

ወጪውስ? ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከምቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። 1.4ን ለ1.25 ብናካፍል 1.12 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 1.25 ይሆናል። የምቱን አምስት በመቶ ስንጨምርበት 1.32 ይመጣል። ለአምስት በመቶ ፍጥነት ወደ ሠላሳ ሁለት በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይልና ሙቀት ማለት ነው። ያ ሙቀት የሚወጣው በዚያችው ትንሽ ማራገቢያ ነው።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባም ብዙ አታንስም። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። የደጋው ብርድ ከፊሉን ይክሰናል፤ ይሁንና ዩቲዩብ ላይ ሌላ አገር ያለ ሰው ያሳየው የሙቀት ቁጥር እኛ ቤት በልኩ ላይደገም ይችላል።

ሌላው መብራት ነው። ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲመጣም ጣጣ አለው፤ አንዳንዴ ቮልቴጁ ወርዶ፣ አንዳንዴ ዘሎ ይመጣል። ፋብሪካው የተወው መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። የአጎቴ ልጅ የተጠቀመበት ለ20 ደቂቃ ነው።

የሞጣ ሰው ይህን ከድልድዩ ያውቀዋል። ከከተማዋ በስተሰሜን ዓባይ ላይ ያለው፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ድልድይ በበጋ ቀን ሲታይ ሁሉም ደህና ነው። የሚፈተነው በክረምት ጎርፍ ነው። ኮምፒውተርም አሥር ደቂቃ ስለሠራ ተፈተነ አይባልም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እንኳ በዚህ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙ ተጠቃሚዎች የኢንቴል አሥራ ሦስተኛና አሥራ አራተኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት እየተንገዳገዱ መሆናቸውን ሲገልጹ፣ ኩባንያው ምክንያቱ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ መጠየቃቸው እንደሆነ አስታወቀ። የማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። መሐንዲሶችና ቤተ ሙከራ ያሉት ኩባንያ በቮልቴጅ ከተሳሳተ፣ እኛ በግምት ስንጨምር ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ለአጎቴ ልጅ የተገኘው መፍትሔ

የጎጃም ገበሬ ማሳው ሲሰፋበት ምን ያደርጋል? ያሉትን በሬዎች በጅራፍ ያጣድፋል? ጥቂት ያስኬደው ይሆናል፤ ከዚያ በሬው ይወድቃል። አስተዋዩ ሌላ ጥማድ ይጨምራል። ኮር ማለት ጥማድ በሬ ነው።

የሞጣው ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ያለው ነው። ይህ ሶኬት ከመጀመሪያዎቹ የራይዘን ትውልዶች ጀምሮ እስከ ራይዘን 5000 ተከታታይ ድረስ ያገለግላል። ስለዚህ ማዘርቦርዱን ሳይቀይር ራይዘን 7 5700ጂ ገባለት። ስምንት ኮር አለው፤ በአንድ ጊዜ 16 ሥራ ይይዛል። የተመደበለት የኃይል መጠን ግን እንደ አሮጌው 65 ዋት ነው። በፋብሪካው ልክ፣ ምንም ሳይነካ፣ ያ የስድስት ሰዓት ሥራ ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ።

አንድ አደገኛ ደረጃ ግን ነበረ። ማዘርቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቀው ባዮስ የሚባለው ሶፍትዌሩ መታደስ አለበት። ይህ የሚሠራው አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው እያለ ነው። በመካከል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ቻርጅ በሞላ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ፣ ጠዋት፣ ልቡ ረግቶ ሠራው።

ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ፈተናውን ሠርታችሁ በእርግጥ የደከመው ፕሮሰሰሩ ሆኖ ካገኛችሁት፣ እነዚህን በቅደም ተከተል ተመልከቱ።

1. ሶኬቱ። ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ቦታ ካልገጠመ ምንም አይሆንም። በኢንቴል ዴስክቶፖች ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ 1155፣ አራተኛው 1150፣ ስድስተኛና ሰባተኛው 1151 ይባላሉ። ስምንተኛና ዘጠነኛውም 1151 ናቸው፤ ግን መልኩ አንድ ሆኖ በድሮው ማዘርቦርድ ላይ አይሠሩምና እንዳትታለሉ። አሥረኛና አሥራ አንደኛው 1200፣ ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው 1700 ነው። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም4 እና ከእሱ የቀጠለው ኤኤም5 አሉ።

2. የማዘርቦርዱ የድጋፍ ዝርዝር። ሶኬቱ ቢገጥምም ማዘርቦርዱ ያንን ፕሮሰሰር ላይቀበል ይችላል። የማዘርቦርዱን ስምና ቁጥር ጽፋችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን አረጋግጡ፤ የትኛው ባዮስ እንደሚያስፈልግም እዚያው ተጽፏል።

3. ምስል የሚሰጠው ማን ነው? በስማቸው መጨረሻ “ኤፍ” ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ እንዲሁም በኤኤም4 ላይ “ጂ” የሌላቸው አብዛኞቹ ራይዘኖች የራሳቸው ምስል ማውጫ የላቸውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የአጎቴ ልጅ 5700ጂን የመረጠው ለዚህ ነው።

4. ማቀዝቀዣና ኃይል ሰጪ። አዲሱ ፕሮሰሰር ስንት ዋት ነው? ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውም ኃይል ሰጪውም ያንን መቻላቸውን አረጋግጡ። አዲስ ቅባት መግዛትም አትርሱ።

5. ያገለገለ ከሆነ። መርካቶም ሆነ መገናኛ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ተሰክቶ ሲሠራ እዩት። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስሙና የኮሩ ብዛት ከተነገራችሁ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። የኤኤም4 ፕሮሰሰሮች እሾሃቸው ከሥራቸው ነው፤ አንዲት የተጣመመች እሾህ እንዳትኖር። በአብዛኞቹ የኢንቴል ዴስክቶፖች ደግሞ እሾሁ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

6. በዚያው ገንዘብ ሌላ ኮምፒውተር ይገኝ ይሆን? የድሮውን ፕሮሰሰር ወደ ሌላ የድሮ ፕሮሰሰር ለመቀየር የምታወጡት ብር ዊንዶውስ 11 ወደሚቀበል ያገለገለ ኮምፒውተር ከተጠጋ፣ ጥቂት ታግሶ ያንን መግዛት ይሻላል።

ልጃችሁ ማጣደፍ ካማረው

ብዙ ወላጅ “ተው!” ብሎ ይዘጋዋል። እኔ እንዲያ አልመክርም። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ልጅ መነካካቱ ደግ ነው፤ ቤቱ የሚተዳደርበትን ኮምፒውተር ግን አይንካ። አሮጌ መለማመጃ ይኑረው። አምራቾቹ በማጣደፍ ለሚደርስ ጉዳት በዋስትና እንደማይጠየቁም አስቀድሞ ይወቅ።

ሲሞክር አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፣ ጥቂት በጥቂት፤ እያንዳንዱንም ለውጥ ደብተር ላይ ይጻፍ። ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ይከታተል፤ ብዙዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ከፍተኛ ልካቸው 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ዘወትር እዚያ መዋል ግን ጤና አይደለም። ራሙን በሜምቴስት፣ ፕሮሰሰሩን በማስጨነቂያ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ይፈትን። ከዚያ በተቃራኒው ይሞክር፦ ቮልቴጁን ጥቂት ቀንሶ ፍጥነቱ ሳይወርድ ኮምፒውተሩ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ይይ። ለመብራትና ለአቧራ አገራችን ይኼኛው ሙያ ይበልጥ ይጠቅማል። እሱም እንደ ማጣደፉ ሌሊቱን ሙሉ መፈተን አለበት።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ቅጂ! የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። የካሜራ ካርድ የሚጠፋው ቅጂው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው። ይህ ደንብ አሁን ሞጣ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፤ የጻፈው ራሱ የአጎቴ ልጅ ነው።

የብቸናው ልጅስ? ባለፈው ሳምንት ደወለ። የጎረቤቶቻቸውን ኮምፒውተር እየዞረ ታስክ ማናጀር ከፍቶ ያነብላቸዋል አሉ። “አጎቴ” አለኝ፣ “ካየኋቸው አምስት ኮምፒውተሮች የአራቱ ችግር ዲስክ ነው።” እናቱ ከኋላው “ጠይቀው፣ ለዚህ ስንት ያስከፍል?” ትላለች። ዋጋውን እነሱው ይወስኑ ብያለሁ።

እናንተም የቤታችሁን ኮምፒውተር ሦስት ቁጥሮች አንብቡና ምን እንዳገኛችሁ ጻፉልኝ። ወር ሰው ይበለን!